ፈጣን ሳወር ወይስ ዓመት የሚጠበቅ? ኮምጣጣ ቢራ እቤቱ ለሚጠምቅና ብርቅ ጠርሙስ ለሚለዋወጥ የንጽጽር መመሪያ

ኮምጣጣ ቢራ እቤቱ ሊጠምቅ ያሰበ ሰው የቱ ይሻላል ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጣዕም አይደለም፣ «ቢራው መቼ ነው የሚጠጣው?» ነው የምለው። ለምን መሰላችሁ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት የደረሰ ሳወር (ኮምጣጣ ቢራ ማለት ነው) በአብዛኛው በወራት ውስጥ ማለቅ ያለበት ነው፣ ዓመት የፈጀ ግን ዓመታት ይቆያል፣ እንደውም እያደር ይጣፍጣል፣ ስለዚ ለራሳችሁ ፍሪጅ ነው የምትጠምቁት ወይስ ከሌላ ሰው ጋር ጠርሙስ ልትለዋወጡበት የሚለው ከእርሾም ከፍራፍሬም በፊት መወሰን አለበት። እኔ ሳልወስን ነው የጀመርኩት፣ የማንጎ ሳወር ጠምቄ ግማሹን ለልውውጥ ብዬ አስቀመጥኩና በስምንተኛው ወር ስከፍተው ማንጎው የለም፣ የቀረው ኮምጠጥ ያለ ስስ ነገር ነበር፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ፈጣኖቹ መንገዶች

በፍጥነት ለማኮምጠጥ ሁለት ጥሩ መንገድ አለ፣ አንዱ ኬትል ሳወር ሌላው ራሱ የሚያኮመጥጥ እርሾ።

ኬትል ሳወር ላይ ብቅሉን እንደተለመደው በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጣፋጩን ፈሳሽ፣ ዎርት የሚባለውን፣ ታወጡና ለ10 ወይ 15 ደቂቃ ታፈሉታላችሁ፣ እዛ ውስጥ የነበረው ጀርም እንዲሞት ነው። ሆፕ፣ ቢራን የሚያመርረው አበባ፣ ግን ገና አይገባም ምክንያቱም ላክቶባሲለስ የሚባለው አኮምጣጭ ባክቴሪያ የሆፕን ምሬት አይችልም፣ ከ8 ወይ 10 አይቢዩ (የምሬት መለኪያ ነው) ካለፈ ብዙዎቹ ዝርያዎች ቀጥ ይላሉ። ከዛ ዎርቱን ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አቀዝቅዛችሁ ላክቲክ አሲድ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) 4.5 ታደርሱታላችሁ፣ ባክቴሪያውን ትጨምራላችሁ፣ የምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ ዎርቱ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ በዛው ሙቀት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ታቆዩታላችሁ። ፒኤቹ 3.3 አካባቢ ሲገባ እንደገና ይፈላል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ሆፑ ያኔ ይገባል፣ ቀዝቅዞ ንጹህ የኤል እርሾ (ተራ የቢራ እርሾ) ይጨመርበታል፣ ከዛ በኋላ እንደማንኛውም ቢራ ነው።

ያቺን 4.5 የምትለዋን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል፣ እኔም ዘልያት ነበር፣ በማግስቱ ክዳኑን ስከፍት የትውከት ሽታ ነው የተቀበለኝ፣ 20 ሊትር ወደ ፍሳሽ ሄደ። ላክቶባሲለሱ አካባቢውን እስኪያኮመጥጥ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ ቀድሞት ይገባና ቡቲሪክ አሲድ ይሠራል፣ ከመጀመሪያው ፒኤቹን ዝቅ ካደረጋችሁት ግን ያ ሌላው ባክቴሪያ ቦታ ያጣል። በዛ ላይ ቢራው ስታፈሱት አረፋው የተሻለ ይቆያል፣ ምክንያቱም ላክቶባሲለሱም ቢሆን ዝቅ ባለ ፒኤች ላይ አረፋ የሚይዘውን ፕሮቲን ያን ያህል አይበላውም።

ሁለተኛው መንገድ ላሌማንድ የሚባለው የእርሾ አምራች ያወጣው ፊሊ ሳወር ነው፣ ላካንሲያ ከሚባለው ወገን የሆነ ደረቅ እርሾ፣ ከፊላደልፊያ ከተማ ተፈጥሮ ላይ የተገኘ ስለሆነ ነው ስሙ። ይሄ እርሾ ከስኳሩ አልኮልም ላክቲክ አሲድም አንድ ላይ ይሠራል፣ ባክቴሪያ የለበትም፣ ድስት ውስጥ ሁለት ቀን ሙቀት መጠበቅ የለም፣ ሆፕ አይፈራም፣ ስለዚ በሆፕ መዓዛ የተሞላ ሳወር መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከኬትል ሳወር በጣም ይቀላል። አሲዱን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይሠራና ከዛ ወደ አልኮሉ ይዞራል፣ ሲያልቅ ፒኤቹ 3.2 እና 3.5 መሃል ይሆናል። ጉድለቱ የኮምጣጣነቱን ልክ እናንተ አለመወሰናችሁ ነው፣ ዎርቱ ውስጥ ግሉኮስ በመጨመር ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል እንጂ እንደ ኬትል ሳወሩ «አሁን በቃ» ብላችሁ እሳት አታበሩበትም። ከሌላ እርሾ ጋር አንድ ላይ ከጣላችሁት ደግሞ ሌላው ይቀድመውና ቢራው ሳይኮመጥጥ ይቀራል።

የኔ ምርጫ? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ፊሊ ሳወር፣ ፒኤች ሜትር ላለውና ትዕግስት ላለው ሰው ኬትል ሳወር። ፒኤች ሜትር ካላችሁ በ4.01 እና በ7.00 ማስተካከያ ፈሳሽ ሁሌም ከመጠቀማችሁ በፊት አስተካክሉት፣ ያልተስተካከለ ሜትር ከሌለው ይብሳል፣ በሐሰት ቁጥር ተማምናችሁ ነው የምትሄዱት። ምላሳችሁንም አትርሱ፣ ፒኤች ብቻውን ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ አይነግርም፣ ሁለቱም 3.3 የሆኑ ቢራዎች አንዱ ለስላሳ አንዱ ጥርስ የሚያም ሊሆን ይችላል ምክንያቱም ውስጣቸው ያለው የአሲድ መጠን ይለያያል።

ላክቲክ አሲድ ብቻ ከጠርሙስ ጨምሮ ሳወር ነው የሚልም አለ፣ እሱ ለማስተካከያ ነው እንጂ ብቻውን ባዶ ይቀምሳል፣ እዛ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ፈጣኖቹ በደንብ የሚስማሙት ቀለል ላሉ ዓይነቶች ነው። በርሊነር ቫይሰ የሚባለው የበርሊኑ የስንዴ ቢራ አልኮሉ 3 በመቶ አካባቢ ነው፣ ጎዘ ደግሞ ጨውና ድንብላል ያለበት ነው፣ ከጎስላር ተነስቶ ላይፕዚግ ላይ የከበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 መጠመቁ ጭራሽ ቆሞ ነበር፣ በ1980ዎቹ ነው መልሰው ያነሱት። ጨው ላይ እጃችሁ ይጠር፣ በሊትር ግማሽ ግራም ጀምራችሁ እየቀመሳችሁ ጨምሩ፣ የገባ ጨው አይወጣም።

ዘገምተኛው መንገድ

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ቅይጥ ባህል ወይ ሚክስድ ካልቸር የሚባለው ተራ እርሾ፣ ላክቶባሲለስ፣ ሌላው አኮምጣጭ ባክቴሪያ ፔዲዮኮከስ እና ብሬት አንድ ዕቃ ውስጥ ገብተው እየተቀባበሉ የሚሠሩት ነው። ብሬት ሙሉ ስሙ ብሬታኖማይሲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ካርልስበርግ በሚባለው የዴንማርክ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ክላውሰን ለዓለም ያስተዋወቀው እርሾ ነው፣ ከእንግሊዝ ቢራዎች ስላገኘው ስሙም «የብሪታንያ ፈንገስ» እንደማለት ነው። ተራ እርሾ የማይበላውን ስኳር ቀስ እያለ ይበላል፣ የቆዳ የአናናስ የደረቅ ሳር ዓይነት መዓዛ ይሰጣል፣ እና ሥራው በወር ሳይሆን በዓመት ነው የሚለካው።

የዚህ መንገድ አባት የቤልጅየሙ ላምቢክ ነው፣ ብራስልስና ከጎኑ ያለው የፓዮተንላንድ አካባቢ። እዛ እርሾ አይጨምሩም፣ የፈላውን ዎርት ኩልሺፕ በሚባል ሰፊ ክፍት ገንዳ ላይ ያሳድሩታል፣ በሌሊቱ አየር ይቀዘቅዛል፣ ከአየሩና ከእንጨቱ ያለው ሕይወት ይገባበታል፣ ከዛ በርሜል። ለዚህ ነው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ከጥቅምት አካባቢ እስከ ሚያዝያ ብቻ የሚጠምቁት፣ በሙቅ ጊዜ ከሆነ ዎርቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ መጥፎውም ጀርም ይበዛል። ጉዝ የሚባለው ደግሞ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም የሚብላላው ነው፣ ወጣቱ ስኳሩን ያመጣል አሮጌው ጣዕሙን።

እቤት ይሄን ለመሥራት ሦስት አማራጭ አለ። የተዘጋጀ ቅይጥ ባህል መግዛት፣ ዎርቱን ውጪ አሳድሮ ከአየር መያዝ፣ ወይም ካልተጣራና በሙቀት ካልተገደለ ጉዝ ጠርሙስ ስር ያለውን አተላ ዎርቱ ውስጥ መጨመር። ከአየር መያዙ በጣም የሚያጓጓ ነገር ነው ግን ዕጣ ነው፣ አምስት ትናንሽ ማሰሮ አሳድራችሁ አንዱ ቢጣፍጥ ዕድለኛ ናችሁ፣ ፒኤቹም ከ4.5 በታች ሳይወርድ አልኮልም ሳይይዝ አትቅመሱት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ሆድ ሊያሳምም ይችላል። እኔ አተላውን ነው የምመርጠው፣ ርካሽ ነው፣ የታወቀ ጣዕም ያለው ነው፣ በልውውጥ የመጣ ጠርሙስ ጠጥታችሁ መጨረሻዋን ሁለት ጣት የምታህል አተላ ትንሽ ዎርት ውስጥ ስትጥሏትና በሳምንቱ አረፋ ስታወጣ የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው። ብቻ አተላው ከወጣት ጠርሙስ ቢሆን ይመረጣል፣ 10 ዓመት የቆየ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አብዛኛው ደክሟል።

ትዕግስት እዚህ ላይ የምር ነው። በመሃል ቢራው እንደ ተልባ ዝልግልግ ሊልባችሁ ይችላል፣ ፔዲዮኮከስ ነው እንደዛ የሚያደርገው፣ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል፣ አትድፉት በናታችሁ፣ ብሬት ካለበት በወራት ውስጥ ያንን ዝልግልግ ይበላውና መልሶ ይጠራል። ላዩ ላይ የሚሠራው ነጭ ስስ ቆዳም አያስደንግጣችሁ፣ ፔሊክል ይባላል፣ አትንኩት አትበጥብጡት። ከሁሉ በላይ ጠላታችሁ አየር ነው፣ ኦክስጅን በዛ ማለት ኮምጣጤ ሆነ ማለት ነው፣ ስለዚ በየሳምንቱ ከፍቶ መቅመስ ይቅር፣ በሦስት ወር አንዴ ይበቃል፣ የኤርሎኩ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባው ክዳን) ውሃ እንዳይደርቅ ግን ሁሌም እዩ።

ዕቃውን በተመለከተ የመስታወት ዕቃ አየር አያስገባም፣ ለመጀመሪያው ዓመት እሱን ያዙ። ተራ የፕላስቲክ ባልዲ ለሳምንታት እንጂ ለዓመት አይሆንም፣ ቀስ በቀስ ኦክስጅን ያሳልፋል። የእንጨት በርሜል ህልም ነው ግን ትንሽ በርሜል ከትልቅ ይልቅ ይጎዳል ምክንያቱም ለያዘው ቢራ ሲነጻጸር ግድግዳው ብዙ ነው አየሩም በዛው ልክ ይገባል፣ የቤልጅየሟ ሩዘላር ከተማ ያለው ጠማቂ ሮደንባክ ቀይ ኮምጣጣ ቢራውን ፉደር በሚባሉ የቤት ቁመት ባላቸው ግዙፍ የኦክ በርሜሎች እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳድረው ዝም ብሎ ለታይታ አይደለም። እንጨቱን ከፈለጋችሁት ጥቂት የኦክ ኩብ ቀቅላችሁ የመስታወት ዕቃው ውስጥ ጣሉ፣ በጣም ይቀራረባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቱቦውን፣ ባልዲውን፣ ጎማ የሆነውን ሁሉ ከንጹህ ቢራ (ብሬትም ባክቴሪያም ከሌለበት) ዕቃ ለዩ። ብሬት ፕላስቲክ ጭረት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ከዛ በሚቀጥለው ጥቁር ቢራችሁ ውስጥ ሳትጠሩት ይመጣል። ኬትል ሳወርና ፊሊ ሳወር ይሄ ጣጣ የላቸውም፣ ቦታ ለጠበበው ሰው ይሄ ብቻውን ውሳኔውን ሊያስቀይር ይችላል።

ፍራፍሬና ቅመም

ትኩስ ፍሬ፣ የቀዘቀዘ ፍሬ፣ ፒዩሬ (የተፈጨ ፍሬ)፣ ጭማቂ፣ ኤክስትራክት (የጣዕም ጠብታ)፣ አምስቱንም ሞክሬያለሁ። ትኩስ ፍሬ በወቅቱ ከተገኘ መዓዛው ወደር የለውም ግን ቢሆንም ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ በረዶው ሥጋውን ይሰነጥቀዋል ጭማቂውም ጣዕሙም በቀላሉ ይወጣል። ፍሪዘር ግን ጀርም አይገድልም፣ ንጹህ ቢራ ላይ የምትጨምሩ ከሆነ በሙቀት ታክሞ የታሸገ ፒዩሬ ነው የሚያስተማምነው፣ ቅይጥ ባህል ላይ ግን ፍሬው ቆዳ ላይ ያለው እርሾ ቢገባም ብዙ አያሳስብም። ኤክስትራክት የከረሜላ ጣዕም ያመጣል፣ ትንሽ ለማድመቅ ካልሆነ አልመክርም።

መጠኑ በሊትር ከ60 ግራም ጀምሮ እስከ 200 ግራምና ከዛም በላይ ይሄዳል፣ ልዩነቱ ፍሬው ላይ ነው። ራስቤሪና ፓሽን ፍሩት በትንሹ ይጮሃሉ፣ ኮክና ማንጎ ብዙ ይፈልጋሉ፣ እንጆሪ ቀለሙም መዓዛውም ቶሎ ይሸሻል፣ ኮምጣጣ ቼሪ ደግሞ የሁሉም ጌታ ነው፣ ቤልጅየሞች ክሪክ የሚሉትን የሚሠሩበት፣ ከዓመት በኋላም አለሁ የሚል ፍሬ እሱ ነው። ለልውውጥ ከሆነ ቼሪ፣ ራስቤሪ ወይ አፕሪኮት፣ ለራስ ከሆነ የፈለጋችሁትን። ፍሬው የሚገባው ዋናው መብላላት ካለቀ በኋላ ነው፣ ቀድሞ ከገባ የሚወጣው ጋዝ መዓዛውን ይዞት ይሄዳል፣ ከገባ በኋላም የፍሬው ስኳር እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት።

ቅመምን በተመለከተ ቫኒላና ቀረፋን ቮድካ ውስጥ ነክራችሁ የወጣውን ፈሳሽ በትንሽ ብርጭቆ ቢራ ላይ ለክታችሁ ከዛ ወደ ትልቁ መውሰድ ነው፣ ቀረፋ ቀጥታ ከገባ ሁሉንም ይሸፍናል። ኮኮናት ዘይት ስላለው አረፋ ይገድላል። በቃ።

ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ

ይሄን ክፍል እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ጠርሙስ ፈንድቶብኛል፣ ሌሊት ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለነበረ ነው ማንም ያልተጎዳው፣ የመስታወቱ ስብርባሪ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ተሰክቶ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ቅይጥ ባህሉ ግራቪቲው (ምን ያህል ስኳር እንደቀረ የሚያሳየው የፈሳሹ ክብደት ልኬት) 1.008 ላይ ቆሟል ብዬ አሸግኩት፣ ብሬት ግን አልጨረሰም ነበር። እያንዳንዷ የቀነሰች የግራቪቲ ነጥብ (0.001) ግማሽ ቮልዩም፣ ማለትም የቢራውን ይዘት ግማሽ የሚያህል ጋዝ ትጨምራለች፣ ከ1.008 ወደ 1.002 ከወረደ ሦስት ቮልዩም በላዩ ላይ ማለት ነው፣ ተራ የቢራ ጠርሙስ ደግሞ ከነሙሉ ጋዙ ሦስት አካባቢ ነው የሚችለው።

ስለዚ ፈጣን ሳወር ከሆነ ግራቪቲው ለተከታታይ ቀናት ካልተንቀሳቀሰ ማሸግ ይቻላል፣ ቅይጥ ባህል ከሆነ ግን በወር ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ምንም ካልተለወጠ ብቻ፣ ያም ሆኖ ወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ተጠቀሙ። የሻምፓኝ ጠርሙስ አፍ ሁለት ዓይነት ነው፣ 26 ሚሊሜትር ቆርኪ የሚወስድና 29 ሚሊሜትር የሚወስድ፣ ሳታዩ ቆርኪ እንዳትገዙ። አሮጌ ኮምጣጣ ቢራ ውስጥ ያለው እርሾ ደክሞ ስለሚሆን ጋዝ እንዲሠራ ከስኳሩ ጋር ትንሽ ትኩስ የወይን ጠጅ ወይ የሻምፓኝ እርሾ ጨምሩ፣ አሲድ ይችላል። ሳይብላላ በፍሬ ጭማቂ የጣፈጠ ወፍራም ሳወር ግን በጠርሙስ ለማንም አይላክም፣ ከፍሪጅ ከወጣ ፈንጂ ነው።

የቱን ጠርሙስ ለልውውጥ?

እስካሁን የገባችሁ ይመስለኛል፣ ለልውውጥ የሚሆነው ሙቀት፣ መንገድና ጊዜ የሚችለው ነው። ጉዝና የመሳሰሉት ቅይጥ ባህሎች በጥሩ ቦታ ከተቀመጡ 10 እና 20 ዓመት የሚሄዱ አሉ፣ ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለው አልኮሉ የበዛ ወፍራም ጥቁር ቢራም ይቆያል፣ የፍሬ ኬትል ሳወር ግን ሁለት ሦስት ወር፣ በሆፕ የተሞላ ደግሞ ሳምንታት። አንድ ሰው የዛሬ ዓመት የታሸገ የሆፕ ቢራ ብርቅ ነው ብሎ ቢያቀርብላችሁ ብርቅነቱ ሌብሉ ላይ ነው፣ ውስጡ የለም።

የራሳችሁን ቢራ ከፋብሪካ ብርቅ ጠርሙስ ጋር መለዋወጥ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ከራሳቸው ከሚጠምቁ ጋር ጀምሩ፣ ጠማቂ ለጠማቂ። እዛ ዋጋ በዋጋ የሚል ሒሳብ የለም፣ ድካም በድካም ነው። ከሰብሳቢ ጋር ሲሆን ግን የመደብር ዋጋ ነው ወይስ በሁለተኛ እጅ የሚጠራው ዋጋ ነው ሒሳቡ የሚለውን ጠርሙስ ከመዘርዘር በፊት ተስማሙ፣ አብዛኛው ጭቅጭቅ ከዛ ነው የሚነሳው። እኔ የመደብር ዋጋውን ነው የምይዘው። ቬስትፍለተረን የሚባለውን የቤልጅየም ቢራ የሚጠምቁት የቅዱስ ሲክስተስ ገዳም መነኮሳት ለጠጪው እንጂ መልሶ ለሚሸጥ አንሸጥም ማለታቸው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ጠርሙስ መለዋወጥና ጠርሙስ መነገድ ይለያያል።

በአካል ተገናኝቶ መለዋወጥና መላክ ሲነጻጸር በአካል ይሻላል፣ ጥያቄ የለውም፣ ጠርሙሱን በብርሃን አዙራችሁ ታያላችሁ፣ ከአንገቱ ምን ያህል እንደጎደለ፣ ቆርኪው ዝጎ እንደሆነ፣ ቡሹ ወጣ ብሎ እንደሆነ። መላክ ደግሞ ከሕግ ይጀምራል፣ ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ፖስታ ቤቱ አልኮል ጭራሽ አይቀበልም፣ የግል አጓጓዦቹም ፈቃድ ካለው ላኪ ብቻ ነው የሚወስዱት፣ እዛ እቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ሕግ ነው፣ መሸጥ ግን አይቻልም። ያላችሁበትን ሕግ ሳታዩ ሳጥን እንዳታሽጉ።

ሕጉ ከፈቀደ ቆርኪውን በፕላስተር ዙሩት፣ ጠርሙሱን ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ቢፈስ እንኳን ሌላውን እንዳያረጥብ፣ ከዛ ወፍራም ጥቅልል፣ ሳጥን በሳጥን ውስጥ፣ ስታወዛውዙት ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። የሙቀት ወር ላይ አትላኩ፣ በረዶ ወር ላይም እንደዛው፣ ቢራ ሲረጋ ይነፋና ቡሹን ይገፋል ወይ ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ሙቀት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2009 ድሪ ፎንተይነን የሚባለው የበርሰል፣ ቤልጅየም፣ ላምቢክ ቤት ላይ የደረሰውን ማየት ይበቃል፣ የማሞቂያው ተቆጣጣሪ ተበላሽቶ መጋዘኑ ጋለ፣ በሺዎች የሚቆጠር ጠርሙስ ፈነዳ፣ ከቀረው ቢራ ብዙው ተጣርቶ አረቄ ሆነ፣ የዓመታት ልፋት።

ከማታውቁት ሰው ጋር ከሆነ አዲሱ ሰው ቀድሞ ይልካል፣ ልማዱ እንደዛ ነው፣ እኔም አዲስ ሳለሁ ቀድሜ ልኬያለሁ። የምትልኩት የራሳችሁ ቢራ ከሆነ የተጠመቀበትን ቀን፣ የታሸገበትን ቀን፣ የመጨረሻ ግራቪቲውን፣ ብሬት ይኑረው አይኑረው፣ ፍሬውንና አለርጂ የሚያመጣ ነገር ካለ ጻፉበት። ከዛው ጥምቅ አንድ ጠርሙስ ሙቅ ቦታ ሁለት ሳምንት አስቀምጣችሁ ከከፈታችሁት በኋላ ብቻ ላኩ፣ ከገነፈለ ሌሎቹም መንገድ ላይ ይገነፍላሉ።

ሲደርሳችሁ ቶሎ አትክፈቱት፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ 10 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ አቁማችሁ ሁለት ሳምንት ይረፍ፣ አተላው ይዝቀጥ፣ ጋዙ ይርጋ፣ በተለይ አረንጓዴ ጠርሙስ ከሆነ ፀሐይ እንዳይነካው፣ ብርሃን ከሆፑ ጋር ሲገናኝ መጥፎ ሽታ ያወጣል። ከዛ ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ ለላከው ሰው ምን እንደቀመሳችሁ በዝርዝር ጻፉለት፣ መጥፎም ከሆነ ንገሩት፣ መጨረሻዋን አተላ አትድፉ፣ ትንሽ ዎርት አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።